መኪና በወረቀት አይተመንም

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የሚወጣ ሐበሻ ገና ኮፈኑን ሳያስከፍት የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ “ካርፋክሱ ንጹሕ ነው?” መልሱ “አዎ” ከሆነ የዋጋው ክርክር ይለዝባል። ካርፋክስ የተባለው ኩባንያ በሚያወጣው የመኪናው የታሪክ ሪፖርት ላይ አንዲት የግጭት መስመር ከተገኘች ግን ሻጩ የጥገና ደረሰኝ ቢደረድር፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ቢሄድ፣ ሞተሩ ድምፁ ባይሰማም፣ ዋጋው ይቆረጣል ወይም ገዢው ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። ልማዱ የሐበሻው ብቻ አይደለም፤ መላው የአሜሪካ ያገለገለ መኪና ገበያ የሚሠራው በዚሁ እምነት ነው። ንጹሕ ሪፖርት ያለው መኪና ደኅና ነው፣ ግጭት የተመዘገበበት መኪና የተበላሸ ነው፣ ስለዚህ ልዩነቱ በዋጋ ይከፈል የሚለው አስተሳሰብ ማንም የማይከራከርበት ሕግ ሆኗል። እኔ ልከራከርበት እወዳለሁ። የታሪክ ሪፖርት አንዳንድ መኪኖችን ጨርሶ ላለመግዛት በቂ ምክንያት ይሆናል፤ የአንድን መኪና ዋጋ ለመተመን ግን አይበቃም። ይባስ ብሎ፣ ዋጋን በሪፖርቱ ላይ ባንጠለጠልን ቁጥር ሰው ከሪፖርቱ መሸሽ ይጠቅመዋል፤ ሰው በሸሸ ቁጥር ደግሞ ሪፖርቱ የሚናገረው እውነት እያነሰ ይሄዳል።

ሪፖርቱ የተወለደበትን ምክንያት መካድ አልፈልግም፤ የተከበረ ምክንያት ነበረውና። ካርፋክስ እ.ኤ.አ. በ1984 በሚዙሪ ግዛት፣ በኮሎምቢያ ከተማ ሲመሠረት ያነጣጠረው የማይል ቆጣሪን ወደ ኋላ እየመለሱ ብዙ የሮጠን መኪና ጥቂት የሮጠ አስመስለው በሚሸጡ ሰዎች ላይ ነበር። ሥራውን የሚቻል ያደረገው ከ1981 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ ለሚሸጥ መኪና ሁሉ ባለ17 አሃዝ የሻንሲ ቁጥር ወጥ መለያ እንዲሆን መደንገጉ ነው። ያ ቁጥር ባይኖር ኖሮ በየግዛቱ መዝገብ ቤት ተበትኖ ያለውን መረጃ ወደ አንድ መኪና መሰብሰብ አይቻልም ነበር። ማጭበርበሩ ዛሬም አልጠፋም። የአገሪቱ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር በየዓመቱ ከ450 ሺህ በላይ መኪኖች በሐሰተኛ የማይል ንባብ እንደሚሸጡ፣ ይህም ገዢዎችን ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያሳጣ ይገምታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት 80 ሺህ ማይል ላይ ዘይት የተቀየረለት መኪና ዛሬ 60 ሺህ ተብሎ ከቀረበ ሪፖርቱ ያጋልጠዋል፤ ይህን መካኒክ በዓይኑ አይቶ ብቻ ላይደርስበት ይችላል። ስለዚህ ክርክሬ ሪፖርቱ ይጥፋ የሚል አይደለም። አጭበርባሪን እንዲይዝ የተሠራው ወረቀት ዋጋ ተማኝ ሆኖ መሾሙን ነው የምቃወመው።

መረጃው ወደ ሪፖርቱ በምን በር እንደሚገባ ያጤነ ሰው ይህ ሹመት ለምን እንደማይገባው ይረዳል። አንድ ግጭት በሪፖርት ላይ የሚወጣው የሆነ አካል ሲጽፈው፣ የጻፈውንም ለመረጃ ሰብሳቢው ኩባንያ ሲያቀብል ብቻ ነው። ፖሊስ መጥቶ ከመዘገበና የዚያ ግዛት ሕግ መረጃው እንዲወጣ ከፈቀደ መስመሯ ትገባለች። ኢንሹራንሱ ካሳ ከፍሎ መረጃውን ከሰጠ ትገባለች። የጠገነው ጋራዥ ከኩባንያው ጋር ትስስር ካለው ትገባለች። ከነዚህ አንዱም ካልተሟላ አትገባም። ሁለት አሽከርካሪዎች መንገድ ዳር ቆመው በጥሬ ገንዘብ ተስማምተው ቢለያዩ፣ ባለመኪናውም ሰፈር ውስጥ ያለ ጋራዥ ወስዶ ኮፈኑን አስቀይሮ፣ ጎኑን በስቱኮ አስሞልቶ ቀለም ቢያስቀባ፣ ያ መኪና በሪፖርቱ ዘንድ ተገጭቶ አያውቅም። ብዙ መኪና የሚያስተዳድሩ የኪራይ ድርጅቶችም ጉዳትን ከራሳቸው ካዝና ሸፍነው ማስጠገን ይችላሉ፤ የውጭ ኢንሹራንስ የሚሰማው ነገር አይኖርም። ሐኪም ቤት ረግጦ የማያውቅ ሰው የሕክምና ካርዱ ባዶ ነው፤ ካርዱ ባዶ ስለሆነ ጤነኛ ነው የሚል ሐኪም ግን የለም። ካርፋክስ ራሱ የመኪናውን ሙሉ ታሪክ ላይዝ እንደሚችል ያሳስባል፤ ገዢውም መኪናውን እንዲያስመረምርና ነድቶ እንዲሞክር ይመክራል። ገበያው ይህን ማሳሰቢያ እየዘለለ ባዶውን ገጽ እንደ ጤና ምስክር ወረቀት ያነበዋል።

ቀዳዳው ይበልጥ የሚሰፋው ደግሞ አደጋው በሚከፋበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና፣ በ2012 ሳንዲ፣ በ2017 ሃርቪ የተባሉት አውሎ ነፋሶች ያስከተሉት ጎርፍ የዋጣቸው መኪኖች በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። ሙሉ የኢንሹራንስ ሽፋን የነበረው መኪና ለባለቤቱ ካሳ ይከፈልበታል፤ ጠቅላላ ውድመት ተብሎ ይመዘገባል፤ በታይትሉ፣ ማለትም በባለቤትነት ሰነዱ፣ ላይም ምልክት ይደረግበታል። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ብቻ ያለው ሰው ግን ለራሱ መኪና ካሳ የሚጠይቀው አካል የለውም፤ ስለዚህ የሚመዘግብለትም አይኖርም። ያ ሰው መኪናውን አድርቆ፣ ምንጣፉንና ወንበሩን ቀይሮ፣ ውኃው ወዳልደረሰበት ግዛት ወስዶ ቢሸጠው ሪፖርቱ ንጹሕ ነው፤ ሽቦዎቹና ማያያዣዎቹ ግን በወራት ውስጥ እየዛጉ የአየር ከረጢቱንና የፍሬኑን ኤሌክትሮኒክስ ሊያበላሹ ይችላሉ። በዚህ ላይ ምልክት ያለበትን ታይትል ሕጉ ላላ ወዳለበት ግዛት ወስዶ አዲስ ሰነድ በማውጣት ምልክቱን የሚያጥቡ ወንጀለኞች አሉ። ታዲያ ገዢው በተመዘገበ ቀላል ግጭት ለተቧጨረ መኪና ብዙ መቶ ዶላር ሲያስቀንስ፣ ጎርፍ ለዋጠው መኪና በንጹሕ ሪፖርት ስም ሙሉ ዋጋ ይከፍላል።

ይፋ ምልክት የተደረገበት ታይትል እንኳ በየቦታው አንድ ነገር አይናገርም። በኦክላሆማ የጥገናው ወጪ ከመኪናው ዋጋ 60 በመቶ ካለፈ መኪናው ሳልቬጅ ይባላል፤ በፍሎሪዳ መለኪያው 80 በመቶ ነው፤ በቴክሳስ 100 በመቶ ነው። አሥር ሺህ ዶላር የሚያወጣ መኪና የሰባት ሺህ ዶላር ጉዳት ቢደርስበት፣ ያው ብረት፣ ያው ጉዳት፣ በኦክላሆማ ሳልቬጅ ሆኖ በቴክሳስ ንጹሕ ይቆያል። መለኪያው በመቶኛ መሆኑም ርካሹን መኪና ከውዱ በፊት ይጥለዋል። አርባ ሺህ ዶላር በሚያወጣ አዲስ መኪና ላይ የሃያ ሺህ ዶላር ጥገና ቢሠራ ገና 50 በመቶ ነውና ታይትሉ ንጹሕ ነው፤ ስምንት ሺህ ዶላር በሚያወጣው ላይ ግን በኦክላሆማ ሳልቬጅ ለመባል የአምስት ሺህ ዶላር ጥገና ይበቃል። ከሁለቱ የትኛው ክፉኛ እንደተመታ መናገር የሚችለው ሻንሲውን የለካ ባለሙያ ነው። አንዳንድ ግዛቶች ደግሞ ተሰርቆ ካሳ ከተከፈለበት በኋላ ብዙም ሳይጎዳ የተገኘን መኪና፣ በረዶ ጣሪያውን የቦረቦረውንም መኪና፣ ከባድ ግጭት ከደረሰበት ጋር በአንድ ስም ይመዘግባሉ። ዋጋን በስም ብቻ የሚቆርጥ ገዢ እነዚህን ሁሉ አንድ ያደርጋቸዋል።

እስካሁን ያልኩት ሪፖርቱ ጎዶሎ መሆኑን ነው። “ጎዶሎ መረጃም ቢሆን ከምንም ይሻላል” ተብሎ ሊመለስልኝ ይችላል፤ መረጃው በተጠቀምንበት ቁጥር ባይበላሽ ኖሮ እኔም በተስማማሁ። ነገር ግን ይበላሻል። አንድ ሰው መኪናውን ወደ ኋላ ሲያስነሳ ከምሰሶ ጋር አጋጨው እንበል። ፓራውልቱ ተሰንጥቋል፤ የኋላው በር ጎብጧል። ለኢንሹራንሱ ቢያመለክት ከኪሱ የሚያዋጣውን ድርሻ ይከፍላል፤ የወር ክፍያው ሊጨምርበት ይችላል፤ በዚህ ላይ ሪፖርቱ ላይ መስመር ይገባና መኪናውን በሚሸጥበት ቀን ሌላ ገንዘብ ያጣል። ይህን ያሰላ ሰው ዝም ብሎ በጥሬ ገንዘብ የሚሠራለት ጋራዥ ይፈልጋል። በቅናሽ የተጠገነው መኪና ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቅናሽ እንደተጠገነ ይቀራል፤ በዛሬዎቹ መኪኖች ፓራውልት ውስጥና መስታወት ላይ ያሉት ካሜራዎችና ራዳሮች ከተነካኩ በኋላ እንደገና መስተካከል አለባቸው፤ ይህን ሥራ የሚዘል ጥገና መኪናው በራሱ ፍሬን መያዝ በሚገባው ሰዓት እንዳይዝ ሊያደርገው ይችላል። እንግዲህ ገበያው ራሱ ሰውየውን ከመዝገብ ወደ ድብቅ ገፋው፤ ከተሟላ ጥገና ወደ ጎደለ ጥገና ገፋው፤ በመጨረሻም ለዚያ መኪና የንጹሕነት ጉርሻ ከፈለው። ቅጣቱ በከበደ ቁጥር የሚደበቀው ይበዛል፤ የሚደበቀው በበዛ ቁጥር “ንጹሕ” ከሚባሉት መካከል በድብቅ የተጠገኑት ድርሻ ያድጋል፤ ገዢው ግን ለንጹሑ የሚከፍለውን ጉርሻ አይቀንስም።

ሂሳቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነም መታየት አለበት። ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሳለ ከኋላ የተመታ ሰው ጥፋት የለበትም፤ ፖሊስ ጠርቶ፣ ለኢንሹራንስ አሳውቆ፣ በደንብ አስጠግኖ፣ ሕጉ የሚለውን ሁሉ በመፈጸሙ መኪናው በሪፖርቱ ላይ የተገጨ ሆኖ ይኖራል። ይህ ኪሳራ እውነተኛ መሆኑን ፍርድ ቤትም አውቆታል፤ የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 በሰጠው ውሳኔ ኢንሹራንስ ጥገናውን ብቻ ሳይሆን ከጥገና በኋላ የቀረውን የዋጋ ጉድለትም መገመት እንዳለበት አስፍሯል። በአብዛኞቹ ግዛቶችም ጥፋተኛ ከሆነው አሽከርካሪ ኢንሹራንስ ይህን ጉድለት መጠየቅ ይቻላል፤ ነገር ግን መብቱን የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ የሚጠይቀውም ከዚያ ያነሰ ነው። በኡበርና በሊፍት የሚተዳደሩት ወገኖቻችን ደግሞ ሸክሙ በሁለት በኩል ያርፍባቸዋል። ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ የሚነዳ ሰው የመገጨት ዕድሉ ከብዙ ሰው ይበልጣል። ኡበር ሳልቬጅ ወይም እንደገና የተሠራ ታይትል ያለውን መኪና አይቀበልምና፣ ከላይ ባየነው የመቶኛ ስሌት የሞዴል ዘመኑ ያለፈና ዋጋው የወረደ መኪና የያዘው ሾፌር በአንድ መካከለኛ ግጭት መኪናውንም የዕለት ገቢውንም ያጣል።

በዚህ ላይ የሚነሡት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም፤ ከጠንካራው ልጀምር። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሻጩ የመኪናውን ጉድ እያወቀ ገዢው ካላወቀ ገዢው ለሁሉም መኪና የመካከለኛ ዋጋ ብቻ እንደሚያቀርብ፣ የጥሩ መኪና ባለቤትም በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያ እንደሚወጣ፣ በመጨረሻም ገበያው ለመጥፎው እንደሚቀር አሳይቷል። በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኘለት ሥራ ዋናው ይኸው ነው። ሪፖርቱ ይህን የእውቀት ክፍተት ስለሚያጠብ ጥሩ መኪና ጥሩ ዋጋ እንዲያገኝ ያደርጋል ይባላል። ክርክሩ የሚሠራው ግን ሪፖርቱ የሚናገረው ስለ መኪናው ሁኔታ ከሆነ ብቻ ነው። ከላይ እንዳየነው ሪፖርቱ የሚናገረው የመኪናው ያለፈ ዘመን ምን ያህል በመዝገብ ሰዎች ዓይን ውስጥ እንዳለፈ ነው። በድብቅ ያስጠገነ ሻጭ ዛሬም ከገዢው የበለጠ ያውቃል፤ በዚህ ላይ የሚያሳየው ንጹሕ ወረቀት አግኝቷል። ቀድሞ ገዢው ተጠራጥሮ መካኒክ ይዞ ይመጣ ነበር፤ አሁን ወረቀቱ ጥርጣሬውን ያበርድለታል። አከርሎፍ የፈራው ጥሩው ሻጭ ከገበያ እንዲወጣ ነበር፤ ዛሬ ዋጋ የሚቆረጥበት ያው ጥሩው ሻጭ ነው፤ ሁሉን ነገር በመዝገብ ያስገባው፣ የጥገና ደረሰኙን ያልደበቀው።

ሁለተኛው ተቃውሞ በአማካይ ይከራከራል። “የተገጩ መኪኖችን በጅምላ ካየሃቸው ካልተገጩት የባሱ ናቸው፤ ስለዚህ ቅናሹ ትክክል ነው” ይላል። አማካዩን አልክድም። በሺህ የሚቆጠር መኪና በጨረታ የሚገዛ ድርጅት እያንዳንዱን መኪና ሰቅሎ ከሥር ማየት ስለማይችል በአማካይ ቢገዛ ያዋጣዋል፤ በአንዱ ቢከስር በሌላው ያተርፋል። አንድ መኪና የሚገዛ ቤተሰብ ግን አማካይ አይነዳም። የሚገዛው ያቺን አንዷን መኪና ነው፤ ስለዚያችም መኪና አማካዩ ከሚነግረው በላይ የሚነግር ምርመራ በቅርቡ አለለት። ይህን ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ዲለሮች (መኪና ነጋዴዎች) ናቸው። ዲለሩ መኪና ሲቀበል የግጭቷን መስመር እያሳየ ዋጋ ማውረድ ይችላል፤ የራሱ መካኒኮች ስላሉት ግን መኪናው በእርግጥ ደኅና መሆኑን ያውቃል። ወረቀቱ ለሚያውቀው ሰው የመደራደሪያ ዱላ ነው፤ ለማያውቀው ሰው ደግሞ መታመኛ ነው። ከሁለቱ ማን እንደሚጎዳ ግልጽ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ለብዙ ገዢ ከሁሉ የሚከብደው ነው። “እኔ ባምንበት ምን ዋጋ አለው? ነገ ስሸጠው የሚገዛኝ ሰው መስመሯን አይቶ ዋጋ ያስቀንሰኛል።” እውነት ነው፤ ሌላው ሰው የሚያምነው ነገር፣ ስሕተት ቢሆንም እንኳ፣ በኪሴ ላይ ይደርሳል። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ ራሱ ቅናሹ ከመኪናው ብረት የመጣ አለመሆኑን ያረጋግጣል፤ የመጣው አንዱ የሌላውን ፍርሃት ከመፍራቱ ነው። እንዲህ ያለ ዋጋ በጋራ እምነት ብቻ ይቆማልና እምነቱ ሲናድ ይወድቃል። እስከዚያ ድረስም ሁሉም ገዢ በእኩል አይታሰርበትም። መኪናን እስከ መጨረሻዋ ማይል የሚነዳ ሰው፣ በተለይ ለሥራ የሚገዛ ሰው፣ የድጋሚ ሽያጩ ዋጋ ብዙም አይነካውም፤ ግጭቱ የተመዘገበ፣ ጥገናው በደረሰኝ የተረጋገጠ፣ ምርመራ ያለፈ መኪና ለእርሱ ንጹሕ ሪፖርት ካለው መኪና ይልቅ የተሻለ ግዢ ነው፤ ምክንያቱም ምን እንደደረሰበትና ምን እንደተሠራለት ያውቃል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሊሸጥ ያሰበ ሰው ግን ሲገዛ የተቀነሰለትን ያህል ሲሸጥ ቢቀነስበት ያው በያው ነው፤ ኪሳራ የሚሆንበት ሙሉ ዋጋ ከፍሎ የገዛው እንደሆነ ነው።

አራተኛው ተቃውሞ ስለ ምርመራው ነው፦ ወጪ አለው፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ሁሉን አያሳይም ይላል። ሁሉን እንደማያሳይ አምናለሁ፤ የተቀነሰ ማይልን ወይም በደንብ የደረቀ የጎርፍ መኪናን መካኒክ ሊስተው ይችላልና፣ ለዚህ ነው ሪፖርቱ ይቅር የማልለው። ወጪውን በተመለከተ ግን፣ ነጻ የሆነ መካኒክ ለምርመራ የሚያስከፍለው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 300 ዶላር ነው፤ ለአንዲት የግጭት መስመር ገበያው ከሚቆርጠው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ለዚያ ክፍያ መኪናው ተሰቅሎ ከሥሩ ይታያል፤ የሻንሲው ብየዳ ይመረመራል፤ የቀለሙ ውፍረት በመሣሪያ ይለካል፤ ኮምፒውተሩ ይነበባል፤ ጎማው እኩል መበላቱ፣ ካምቢዮው ማንሸራተቱ፣ ሞተሩ ዘይት ማፍሰሱ ይታወቃል። ከእነዚህ ነገሮች ውስጥ ብዙዎቹ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይገኙም፤ መኪናው ነገ የሚያስወጣውን ገንዘብ የሚወስኑት ግን እነርሱ ናቸው። አንድ ጊዜም ሳይገጭ ዘይቱ በጊዜው ያልተቀየረ መኪና ሪፖርቱ ያማረ፣ ሞተሩ ግን የተበላ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ምርመራ አላስደርግም ካለ ደግሞ መልሱን ከማንኛውም ሪፖርት በበለጠ ግልጽ አድርጎ ሰጥቶናል።

የአሜሪካ ሕግ ራሱ ከባዱን ከቀላሉ ለይቶ ያስቀመጠ መሆኑን ስናይ የገበያው መደባለቅ ይበልጥ ይገርማል። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው የመኪና ሌብነት መከላከያ ሕግ መሠረት የተቋቋመው፣ በፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ሥር ያለው ብሔራዊ የታይትል መረጃ ሥርዓት ከ2009 ጀምሮ ለገዢዎች ክፍት ነው። የሚይዘው አምስት ነገር ነው፦ የታይትሉን ወቅታዊ ሁኔታ፣ በታይትሉ ላይ የተደረጉ ምልክቶችን፣ የማይል ንባብን፣ የጠቅላላ ውድመት መዝገብንና የሳልቬጅ መዝገብን። የፓራውልት መሰንጠቅን፣ የጥገና ዝርዝርን፣ የባለቤቶችን ቁጥር እንደ ጉድለት አይመዘግብም። ኢንሹራንሶችና የተሰባበሩ መኪኖችን የሚገዙ ድርጅቶች ለዚህ ሥርዓት የማሳወቅ የሕግ ግዴታ አለባቸው፤ ለግል ሪፖርት ሻጮች እንዲህ ያለ ግዴታ የለባቸውም። የግል ኩባንያ ነጠላ ሪፖርት ብዙ እጥፍ ሲያስከፍል የዚህኛው ከ10 ዶላር ባነሰ ዋጋ ይገኛል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም ዲለሮች በየመኪናው መስኮት ላይ በሚለጥፉት የገዢ መመሪያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሻሻለው ደንብ፣ የታሪክ ሪፖርት እንዲታይ ከመምከሩ ጎን ለጎን መኪናውን በራስ መካኒክ ማስመርመር ይቻል እንደሆነ እንዲጠየቅ ያሳስባል። መንግሥት ሁለቱን ምክሮች በአንድ ወረቀት አስፍሯቸዋል፤ ገበያው አንዱን አንሥቶ ሌላውን ጥሎታል።

ነገሩ ከአሜሪካ ድንበርም ያልፋል። በጨረታ የሚሸጡ የተገጩ የአሜሪካ መኪኖች ብዙ ቁጥር ሆነው ወደ ውጭ ይጫናሉ፤ ከታወቁት መዳረሻዎች አንዱ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ በተለይ ሻርጃ ነው፤ እዚያ ተጠግነው ወደ ሌሎች አገሮች ይሸጣሉ። ድንበር የተሻገረ መኪና ላይ የሚሠራው ጥገና በአሜሪካው ሪፖርት ላይ አይታይም። ያገለገሉ መኪኖችን ከዱባይ ገበያ ለዘመናት ሲያስገባ ለኖረው ለኢትዮጵያ ገበያ ይህ ቁም ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሊብሬው ይታያል፣ ታርጋውና የሻንሲ ቁጥሩ ይመሳከራል፣ ከዚያ በኋላ ግን መኪናው መካኒክ ዘንድ ይወሰዳል፤ ደላላው የፈለገውን ቢምል ማንም አስተዋይ ገዢ ያለ መካኒክ ብሩን አይቆጥርም። ይህን ልማድ ኋላ ቀር ነው፣ እንደ አሜሪካ ሪፖርት ብቻ አይቶ የሚወስን ገበያ ያስፈልገናል የሚሉ ሰዎች የሚሻለውን በሚያንሰው ሊተኩ ነው የሚፈልጉት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው፤ በእነርሱ ላይ ከዋጋው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ባትሪ ነው። ባትሪው ምን ያህል አቅሙን እንዳጣ የግጭት መዝገብ አይናገርም፤ መለካት አለበት። የመዝገብ ሥርዓት ማበጀት ተገቢ ነው፤ ሲበጅ ግን ማይልን፣ ባለቤትነትን፣ ጠቅላላ ውድመትንና ጎርፍን ይዞ፣ ዋጋውን ለምርመራ ይተው።

እንግዲህ የሚሻለው መንገድ ይህ ነው። ገዢ ሪፖርቱን ያንብብ፤ የጎርፍ፣ የሳልቬጅ፣ የተጭበረበረ ማይል ምልክት ካገኘ ሌላ መኪና ይፈልግ፤ ካላገኘ ግን ሪፖርቱን አጥፎ ያስቀምጥና መኪናውን ያስመርምር፤ የዋጋው ክርክር መካኒኩ ባየው ነገር ላይ ይሁን። የግጭት መስመር ካለ የመኪናው ባለቤት ደረሰኙንና ፎቶውን ያቅርብ፤ ገዢም ያን ማስረጃ ከባዶ ገጽ የበለጠ ይመነው። ሻጭ ያለ ጥፋቱ የተመታ ከሆነ የዋጋውን ጉድለት ከጥፋተኛው ኢንሹራንስ ይጠይቅ፤ ከሚቀጥለው ገዢ ጋር በዝምታ አይካፈለው። ሪፖርት የሚሸጡ ኩባንያዎችም ባዶ የሆነውን መዝገብ በማረጋገጫ ምልክት አያስጊጡት፤ ያላዩትን ያላየነው ነው ብለው በግልጽ ይጻፉ። ሁሉን ያሳወቀና በደንብ ያስጠገነ ሰው ካልከሰረ፣ የሚያሳውቀው ይበዛል፤ የሚያሳውቀው ሲበዛ መዝገቡ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል፤ ገዢም ለሚነዳው መኪና ይከፍላል። ይህ እንዲሆን አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሚቀጥለው ገዢ “ካርፋክሱ ንጹሕ ነው?” ካለ በኋላ “መካኒኬ ይየው” ብሎ የመካኒኩን ቃል እስኪሰማ ድረስ በዋጋ አለመስማማቱ ይበቃል።